የቅዳሜዋ አራት መቶ ብር

ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት የለየሁት ከሱቅ ታፔላ ላይ ነው። ማንበብ የለመድኩት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልባቸው አሮጌ ጋዜጦች ነው፤ ሒሳብ ያስተማረኝ ደግሞ የቡና ሚዛን ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ቡና ነጋዴ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ፤ በሃያ ዓመቴ ሚዛን ያዥ ነበርኩ፤ ሠላሳ ሳልሞላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ገብቼ ኋላ ዲፕሎማ ያላቸውን ልጆች አዝዝ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከእኔ መጋዘን አንዲት ብሎን ጎደለች ተብሎ አያውቅም። ዛሬም በሰፈራችን ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ወደ ጠበቃ ከመሄዱ በፊት በእኔ በር ያልፋል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለመመካት ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የምናገረውን ነገር የሠራው ሰው ሞኝ እንዳልነበረ አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ ስለፈለግሁ ነው። ሞኝ ብሆን ኖሮ ነውሩ ይቀልልኝ ነበር።

ነገሩ የሳምንት አስቤዛ ነው።

ቤታችን ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው። አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናታቸው ዐረብ አገር የሄደችባቸው ሁለት ሴት የልጅ ልጆቻችን። ጤፉን፣ ዘይቱንና በርበሬውን ጡረታዬን እንደተቀበልኩ የምገዛው እኔ ራሴ ነኝ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ጎመን፣ ቃሪያና ምስር ግን የባለቤቴ ድርሻ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አራት መቶ ብር ቆጥሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላታለሁ።

አራት መቶ ብሩ በግምት የተቆረጠ አልነበረም። ቅዳሜ ማለዳ ከዘራዬን ይዤ ገበያውን አንድ ዙር እዞራለሁ። ቆሜ፣ ሳልጎነበስ፣ "መደቡ ስንት ነው?" እላለሁ። መደብ የምንለው ሻጮቹ ጆንያ ላይ የሚደረድሩትን ትንሽ ክምር ነው፤ በእኛ ገበያ ሽንኩርቱም ድንቹም ቲማቲሙም በአብዛኛው የሚሸጠው በኪሎ ሳይሆን በመደብ ነው። ሠላሳ ካሉኝ ሠላሳ ብዬ እይዛለሁ። ሠላሳ አምስት ሲሆን ያቺን አምስት እጨምራለሁ። ፍርደ ገምድል አልነበርኩም። በሁለት መቶ ሃምሳ ጀምሬ አራት መቶ የደረስኩት ዋጋውን ደረጃ በደረጃ እየተከተልኩ ነው። ሰው ሁሉ ገበያው እጥፍ ሆነ፣ ሦስት እጥፍ ሆነ ሲል እኔ ደብተሬን አያለሁ፤ የእኔ ደብተር እንደዚያ አይልም። ስለዚህ ሰው ያጋንናል፣ ወይም ገንዘብ መያዝ አያውቅም ብዬ ደመደምኩ።

መደምደም ብቻ አይደለም፣ ጻፍኩት። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በዚያ ሰው ሁሉ በሚያደንቀው እጅ ጽሑፌ፣ "የአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ" ብዬ የእያንዳንዱን መደብ ዋጋ ዘረዘርኩ፤ ከሥሩ ድምሩን በቀይ አሰመርኩበት፣ ፈረምኩበት። የእድራችን ሽማግሌዎች በመስታወት አስገብተው አዳራሹ ውስጥ ሰቀሉት። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር መስታወቱን አስከፍቼ በቀይ ቀለም አስተካክል ነበር። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ባጃጅ የሚነዳ ገና አዲስ ባለትዳር ነው፣ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወሰደ። "ጋሼ፣ ይህማ ሕገ መንግሥት ነው" አለኝ። ሦስት ቀን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህን ወሬ ይበልጥ የማወራው ግን ጀጎል ውስጥ ነበር። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ቅመምና ጥራጥሬ የሚሸጥ የቆየ ወዳጅ አለኝ። ሐረሪ ነው፤ መካን ሳይሳለም በፊትም፣ ከተሳለመ በኋላም ወዳጄ ነው፤ እኔ ሀጂ እለዋለሁ፣ እሱ ሙአሊም ይለኛል፣ መምህር ማለቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ካለችው የመቀመጫ መደብ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከቡና ቅጠል የፈላ ቁጢ በብርጭቆ ያስመጣልኛል። ከሱቁ በስተኋላ፣ ከመጋረጃው ባሻገር፣ ሴቶች ኮረሪማና አዝሙድ የሚያበጥሩበት፣ ምስር የሚለቅሙበት ግቢ አለ። ድምፃቸው ይሰማል እንጂ አይታዩም። እኔም ለእነሱም ጭምር እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገር ነበር፤ ይጠቀሙበታል ብዬ።

"ገንዘብ አነሰኝ የሚል ሰው ያነሰው ገንዘብ አይደለም" እል ነበር። "የእኔ ባለቤት በአራት መቶ ብር አራት ሰው እያበላች ለቤተ ክርስቲያን መባ ይተርፋታል። እሷ ራሷ የወፍ ያህል ናት የምትበላው፤ እየሠራሁ ቀመስኩ ትላለች፣ አበቃ።"

ሀጂ እንዲህ ስናገር አንዳንዴ መሐል ላይ ያቋርጠኛል። ሙአሊም፣ በላይ በኩል ዝናብ ጥሏል ይላሉ፣ እውነት ነው? ይለኛል። ወይም የፋኖሱን ብርጭቆ የት እንደማገኝለት ይጠይቀኛል። ስለ ኢኮኖሚ ብዙ ስለማይገባው ነው እያልኩ በትዕግሥት መልሼ ወደ ነጥቤ እመለስ ነበር።

ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብ መድኃኔዓለም ኪዳን ለመስማት ወደ ጀጎል ትገባለች። ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ነው። ማለዳ ሄዳ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ጸሎት ትወዳለች ብዬ ለሰው እናገር ነበር። በዚህም እመካ ነበር።

ባለፈው ክረምት ከእነዚህ ረቡዖች በአንዱ፣ ከኪዳን ስመለስ አዳለጠኝ ብላ የቀኝ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። የጀጎል መንገድ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። አንጓዋ ተሰብሯል። ወጌሻው በቀርከሃ ስንጣቂ አስሮ፣ ሁለት ወር ምንም እንዳትነካ አለ። ምንም እንዳትነካ ሲል ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር አየሁት። ከሕመሙ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ጎረቤታችንን፣ የባለ ባጃጁን ሚስት፣ ገበያ ልላካት አለች። እኔ እያለሁ ጎረቤት ስለምን ይለፋል አልኳት። ሰማያዊ ዘንቢሏን አንስቼ፣ አራት መቶ ብሩን ኪሴ ከትቼ፣ መልስ ይዤ እንደምመጣ ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "ቢያንስ ሰባት መቶ ያዝ" አለችኝ።

ሳቅሁ። የልጅ ልጆቼም እንዲስቁ ዞር ብዬ አየኋቸው። እነሱ አልሳቁም።

ገበያው ስደርስ እንደ ልማዴ ቆሜ ዋጋ ጠየቅሁ። ከድሬ ጠያራ በኩል ሽንኩርት ይዛ የምትመጣ አንዲት ጠና ያለች የኦሮሞ ሴት አርባ ብር አለችኝ። ደብተሬም አርባ ይላል። እንግዲያው ስጪኝ አልኳት። ዘንቢሉ ውስጥ ለመጨመር ግን መጎንበስ ነበረብኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ገበያ ስዞር ስንት ዓመት፣ ጎንበስ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጉልበቴን ይዤ ወረድኩና መደቡን አየሁት።

አራት ራስ ሽንኩርት ነበር። አራት፤ አንዷ የብይ ያህል።

"ይህ ምንድን ነው?" አልኳት።

"መደብ ነዋ።"

"መደብ ስምንትና ዘጠኝ ራስ አልነበረም እንዴ?"

"ነበረ አባባ። ድሮ ነው እሱ። ዋጋውን ስንጨምር ሰው ይሸሻል። ስለዚህ ክምሩን እናሳንሳለን።" ይህን ያለችው ልጅ ሲጠይቅ እንደሚመልሱለት ዓይነት በቀስታ ነው። ከዚያ ፊቴን ትኩር ብላ አየችውና ወደ ጎኗ ላለችው ድንች ሻጭ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። "እርስዎን አወቅንዎት" አለችኝ ተመልሳ። "ዋጋ ጠያቂው አይደሉ? ቅዳሜ ቅዳሜ በከዘራ ጠይቀው የሚሄዱት። ምነው ዛሬስ ሊገዙ አሰኝዎት?"

ለካ ስም አውጥተውልኛል። እኔ ገበያው የሚያከብረኝ ይመስለኝ ነበር።

ንብረት ክፍል የሠራሁባቸውን ዓመታት ሁሉ ያን ጊዜ አሰብኳቸው። እኔ ሳጥን ሲመጣልኝ ሳልከፍት ፈርሜ አላውቅም። ላዩ ላይ ሃምሳ ተብሎ ቢጻፍ ሃምሳውን በእጄ ሳልቆጥር አልቀበልም። በዚህ ነው ስም ያገኘሁት። ቤቴ የሚገባውን ግን ላዩ ላይ ባለው ዋጋ ብቻ ስፈርምለት ኖሬአለሁ። ድንቹም አምስት ነበር፤ ቲማቲሙም አራት። ምስር የሚሰፈርበት ጣሳ እንኳ ቂጡ ወደ ውስጥ ተገፍቷል።

ሽንኩርት ሻጯ ዘንቢሉን ልትይዝልኝ እጇን ስትዘረጋ ቆመች። የዘንቢሉ እጀታ በቀይ ክር የተሰፋ ነው። ክሩን በጣቷ ነካችው።

"ይህ የአዴ ዘንቢል ነው" አለች። እዚህ አካባቢ ኦሮሞዎች እናታቸውንም፣ የሚያከብሯትን ሴትም አዴ ይላሉ። "አዴ ምን ሆነች? ረቡዕ መጥታ ነበር፤ ዓርብ ስጠብቃት ቀረች።"

ባለቤቴ ናት፣ እጇ ተሰብሯል አልኳት። ፈገግታዋ ጠፋ። ድንች ሻጯ አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች።

"የአዴ ባል እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ።"

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳትነቅል ነገረችኝ። አዴ የምትወስደው ሦስት ሦስት መደብ ነው አለች። ቅዳሜ በያዘችው ገንዘብ የምትችለውን ትገዛለች፤ የቀረውን ረቡዕና ዓርብ ሀጂ ቤት ቅመም ለቅማ ስትወጣ፣ የቀን ዋጋዋን እንደያዘች ታሟላለች። ማታ ማታ ሳይሸጥ የዋለውን፣ የፈረጠውንም ቲማቲም በርካሽ ትወስዳለች። "እጇ ፈጣን ነው ይላሉ" አለች። "እንደ እሷ አዝሙድ የሚለቅም የለም አሉ።"

አራቱን ሽንኩርት ዘንቢሉ ውስጥ ጨመረችልኝ። ከዚያ ከኋላዋ ካለው ጆንያ ሁለት ትልልቅ መርጣ አከለችበት፤ ለደንበኛ የሚጨመር ምራቂ ነው። አመሰግናለሁ ልላት ስል፣ "የእርስዎ አይደለም፤ የአዴ ምራቂ ነው" አለችኝ።

አራት መቶው ብር ሲያልቅ ዘንቢሉ ግማሽ አልሞላም። ምስር አልገዛሁም። ጎመን አልገዛሁም። ዘንቢሉን ይዤ ወደ ቤቴ መሄድ ሲገባኝ እግሬ ወደ ጀጎል ወሰደኝ።

ሀጂ ሚዛኑን እየጠረገ ነበር። ዘንቢሉን እጄ ላይ ሲያይ ጨርቁን አስቀመጠ። ባለቤቴ እዚህ ትሠራለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ተቀመጥ አለኝ። አልቀመጥም አልኩት። እሱ ራሱ ተቀመጠ።

አራተኛ ዓመቷን ይዛለች አለኝ። ስትመጣ ያስማለችው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ለባሌ ትንፍሽ እንዳትል አለችው፣ ወላሂ አልልም አላት። "አማና ነው" አለኝ። "አደራ በልቼ አላህ ፊት በምን ፊቴ እቆማለሁ?"

"እኔ እዚህ ተቀምጬ ስናገር ግን" አልኩት። "ስናገር እሷ..."

"መጋረጃው ኋላ ነበረች።"

"ሁልጊዜ?"

"ረቡዕና ዓርብ የመጣህ ጊዜ ሁሉ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላሰኘኸኝም?"

ሀጂ ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ወዳጅነታችን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። "ሙአሊም" አለ፣ "ስንት ጊዜ ስለ ዝናብ ጠየቅሁህ?"

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። በበጋ መካከል እንኳ ስለ ዝናብ ጠይቆኝ ነበር። እኔም በበጋ ስለምን ዝናብ እንደማይዘንብ ከአየር ጠባይ ትምህርት ጀምሬ አስረድቼዋለሁ።

አንድ ነገር ጨመረልኝ። የጎረቤቴ የባለ ባጃጁ ሚስት ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚያው ግቢ ትለቅማለች። ባለቤቴ ናት ያመጣቻት። ባሏ ስልኩን ከፍቶ የእኔን ወረቀት እያሳየ ጋሼ በአራት መቶ አራት ሰው ያበላሉ፣ እኛ ሦስት ነን ይላታል፤ ሦስት መቶ ቆጥሮ ይሰጣታል። ልጅቱ እያለቀሰች የእኔን ሚስት፣ እማማ እንዴት ነው የሚያደርጉት ብላ ብትጠይቃት፣ ሚስቴ ለብቻዋ ልታሳያት ይዛት መጣች።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ዘንቢሉን ከበር አየችው። በግራ እጇ ሽንኩርቶቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ሁለቱን ትልልቆቹን ስታወጣ ቆም አለች፤ ከማን እንደሆኑ አወቀች። እንደታወቀም አወቀች። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጆቹን ውጭ ተጫወቱ አልኳቸው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ይህን ስል ቅር የተሰኘሁት እኔ ነበርኩ። በዚያ ሰዓትም የተበደልኩት እኔ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር።

"ነግሬሃለሁ" አለች።

"መቼ?"

"ወረቀቱን ስትጽፍ። የእድሩ ሰዎች ቁጭ ብለው። ዋጋውን ብቻ አትጻፍ፣ ክምሩን ቁጠረው፣ እያነሰ ነው አልኩህ።"

አስታወስኩ። ማስታወስ ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን የመለስኩላትን መልስ ስንት ቦታ ለቀልድ አውርቼዋለሁ። ሦስት ሽማግሌ እያለ፣ "ይህ የሒሳብ ሥራ ነው፤ አንቺ ወጡ እንዳያርብሽ" ነበር ያልኳት። ሽማግሌዎቹ ስቀዋል። እሷ ወደ ጓዳ ገብታለች። ወጡም አላረረም።

"ከዚያ በኋላስ?" አልኳት። "እኛ ሁለታችን ብቻ ስንሆንስ?"

"ከዚያ በኋላማ ሰቀልከው። ሰው ሁሉ እያነበበው ምን ልበልህ? ወጥቼ ባሌ ዋሽቷል ልበል?" ሽንኩርቶቹን በሰሐን ላይ አስተካከለቻቸው። "ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር።"

የመጨረሻዋን ቃል ባትጨምራት ይሻለኝ ነበር። ስድብ ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር፤ መመለስ እችላለሁ። ያን ምሽት ልጆቹና እኔ በልተን ስንጨርስ፣ እየሠራሁ ቀምሻለሁ አለች። በአንድ እጇ ምን ሠርታ ምን እንደቀመሰች ልጠይቃት አልደፈርኩም። የተረፈኝን እንጀራ ወደ እሷ ገፋሁላት። በላች። ስትበላ አየኋት። የወፍ አበላል አልነበረም።

በማግስቱ እሑድ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ጀግና መስዬ ልጽፈው እችል ነበር፤ የሆነው ግን እንደዚያ አይደለም። ሰው ሳይመጣ ቀድሜ ሄጄ ወረቀቱን አውርጄ ኪሴ ልከት፣ ማንም ሳያውቅ እንዲረሳ ነበር ያሰብኩት። መስታወቱን ከሚስማሩ እያላቀቅሁ ሳለ ጎረቤቴ አግዳሚ ወንበር ሊደረድር ገባ።

"ጋሼ፣ ምነው ያወርዱታል?"

"ላሻሽለው ነው" አልኩት። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ውሸት ነበር።

ፊቱ በራ። "ወደ ታች ነው? ቀነሰ?"

መስታወቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልጁ ክፉ አይደለም። ሌት ተቀን ባጃጅ ይነዳል፣ ጫት አይቅም፣ ገንዘብ አያባክንም። እኔን አምኖ ነው። አዎ፣ እያየሁት ነው ብዬ ባልፈው ያልፍልኝ ነበር፤ ስሜ እንደተሰቀለ ይቀር ነበር። ሚስቱ ግን በማግስቱም ልጇን አዝላ እዚያ ግቢ ትሄዳለች።

"ውሸት ነው" አልኩት።

"ምኑ?"

"ወረቀቱ። በዚህ ገንዘብ አንድም ሳምንት በልተን አናውቅም። የጎደለውን የምትሞላው ባለቤቴ ነበረች፣ በሰው ቤት ቅመም እየለቀመች። የአንተም ሚስት ከእሷ ጋር ናት።"

ይህን ስናገር ሁለት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ደርሰው ሰምተዋል። ስለዚህ ስብሰባው ሲጀመር ተነሥቼ ሁሉንም መናገር ግድ ሆነብኝ። በንግግር አልታማም፤ በእድራችን ከእኔ የተሻለ ተናጋሪ የለም። ያን ቀን ግን ቃል አልተገጣጠመልኝም። ስለ መደቡ፣ ስለ አራቱ ሽንኩርት፣ ወጡ እንዳያርብሽ ስላልኩት ተናገርኩ። ያኔ የሳቁት ሽማግሌዎች ዛሬ አልሳቁም። ሊቀመንበሩ አመስግኖኝ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ እኛማ እናውቅ ነበር ስትል ሰማኋት።

ጎረቤቴ ስብሰባው ሳያልቅ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሰላምታ አልሰጠኝም። ተቆጣ አልኩ፤ እውነትም ተቆጥቶ ነበር። ነገር ግን ግድግዳው ስስ ነው፤ በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት ከወዲያ በኩል የሚሰማው ንግግር ከድሮው ዝግ ያለ ነበር። ሚስቱን ዘንቢል ይዞላት ሲወጣ በመስኮት አይቻለሁ።

እኛ ቤት ግን ነውሩን መናገር ምስር አልሆነልንም። ጡረታዬን እንዳለ ለባለቤቴ ሰጠሁ። ለጋዜጣና ለኮት ማሠፊያ የምይዘውን ጨምሬበት እንኳ ሳምንቱ ሰባት መቶ አይደርስም። የእሷ እጅ ታስሯል። ሒሳብ አዋቂ ነኝና ሒሳቡ የሚለውን አየሁ።

ረቡዕ ማለዳ ሀጂ ዘንድ ሄድኩና የባለቤቴን ሥራ እስክትድን ድረስ እኔ ልሥራ አልኩት። ሊስቅ ሲል ተወው። ከመጋረጃው ኋላ ያለው የሴቶች ግቢ ስለሆነ ልገባ አልችልም። ስለዚህ ሰፌዱን ይዤ እዚያችው ደጃፍ መደብ ላይ፣ ድሮ ቁጢ እየጠጣሁ ስደሰኩር በነበረባት ቦታ፣ አላፊ አግዳሚ ፊት ተቀመጥኩ። ከፈረስ መጋላ የሚወርድ ሰው ሁሉ ያየኛል። ማመልከቻ የጻፍኩላቸው ሰዎች ያዩኛል። አንዱ ቆሞ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። "ምስር እለቅማለሁ" አልኩት።

መጀመሪያ ቀን በኩራት ነበር የሠራሁት፤ ልደብቀው አልችልም። ማንም ያላስተማረኝን ስንት ነገር ችያለሁ፣ ይህ ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር። ሰፌዱ ሲሞላ ሀጂ ተቀብሎኝ በመጋረጃው ሥር ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩል ሰፌድ ሲበጠር ይሰማኛል። የሌላ ሰው ምስር ነው ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ እጇን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች ሴቶቹን ለመጠየቅ መጣች። በአጠገቤ አልፋ ስትገባ ሰፌዴን አየት አደረገችው። መጋረጃው ተመልሶ ወረደ። ከወዲያ ሳቅ ተሰማ፤ የሴቶች፣ ለስለስ ያለ፤ የእሷን ሳቅ ለየሁት። እዚያ ቦታ ሆና ስትስቅ ስንት ዓመት ሳልሰማት እንደኖርኩ አሰብኩ።

ከዚያ ሀጂ መጋረጃውን ገልጦ አንዲት የቡና ሲኒ አመጣልኝ። ቁጢ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ሲኒው ግማሽ ድረስ ጠጠር ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከለቀምኩት ምስር ውስጥ እኔ ያሳለፍኳቸው፣ ሴቶቹ ከእኔ በኋላ እንደገና እየለቀሙ ያጠራቀሟቸው ናቸው። ባለቤትህ ላከችልህ አለኝ፤ ወደ ሰፌዱ ጠጋ ብለህ አጎንብስ ብላሃለች አለኝ።

ጠጠሮቹን ልቆጥራቸው ጀመርኩና ተውኩት። ሲኒውን አጠገቤ አስቀመጥኩ፣ መነጽሬን ጠረግሁ፣ አጎነበስኩ።